አንድ መደብ ለሁለት አበልጅ

ዓመቱን በትክክል መናገር አልችልም። ሚሌኒየሙ ተከብሮ ካለፈ በኋላ ነው፤ አንድ ዓመት ሆኖት ይሁን ሦስት ግን ጠፍቶብኛል። በገላን በኩል ኮንዶሚኒየሞቹ ገና አጥንታቸው ብቻ ቆሞ፣ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና በደጃችን ሲመላለስ አቧራ ያለብሰን እንደነበር አስታውሳለሁ። ቀኑ ይጥፋብኝ እንጂ ንዴቱ አልጠፋብኝም። ንዴት ቀን አይቆጥርም።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ልጄ «አባዬ፣ አንተን ለማናደድ እኮ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያስፈልጋል» እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው። ያናደዱኝም ማኅተም ባለው ወረቀት ነው።

የምሠራው ቃሊቲ ከሚገኝ አንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን ነበር። ሥራዬ ባስኩላ ላይ ነው። ባስኩላ መኪና ከነጭነቱ የሚወጣበት ትልቅ ሚዛን ነው። መሬት ላይ የተነጠፈ የብረት መድረክ አለው፤ ከጎኑ መስኮት ያላት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መኪናው እንደጫነ ይመዘናል፤ ያራግፍና ባዶውን ይመዘናል፤ በመካከል ያለው ልዩነት የእህሉ ክብደት ነው። ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አንዱ የኋላ ጎማ ከመድረኩ ጣት ታህል ከወጣ ግን ሚዛኑ ይዋሻል። ሹፌሮቹ ደግሞ ብልጦች ናቸው። ጭነቱ ሲመዘን ረዳቱን ሸራ ሥር ያስተኙታል፤ ባዶው ሲመዘን ረዳቱ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። በዚህ ምክንያት ባስኩላ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ውስጥ ሆኖ ቁጥሩን ያነባል፣ አንዱ ውጭ ሆኖ ጎማውንና ሸራውን ይፈትሻል።

ሁለተኛው ሰው አበልጄ ነበር። ልጄን ክርስትና ያነሳችው ሚስቱ ናት። እሱ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ቤተሰቦቹ መጋዘኑ ከመቆሙ በፊት እዚያው ላይ ገበሬዎች ነበሩ። የእኔ አባት በባቡሩ ሥራ የመጣ ነው። አንድ ቀን ጭነት አጥተን ቁጭ ባልንበት፣ በእግሩ የብረቱን መድረክ መታ መታ አደረገና «ይኼ የአባቴ አውድማ ነበር» አለኝ። መሬቱ በፊተኛው መንግሥት ጊዜ ሲወሰድ ለእሱ የተሰጠው እዚያው ላይ መቀጠር ነው። አንድ ጊዜ ነገረኝ፤ ሁለተኛ አላነሳውም። እኔም አልጠየቅሁትም። በአባቱ አውድማ ላይ ቆሞ የሰው እህል እየመዘነ ኖረ።

ድሮ ውስጥና ውጭ እየተፈራረቅን ነበር የምንሠራው። ኋላ ላይ ዓይኑ ደከመበት። አንድ ጠዋት አንዱን ቁጥር ሰባት ብሎ ሲያነበው በትከሻው በኩል ብመለከት አንድ ነበር። መዝገቡ ላይ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ውስጥ፣ እሱ ውጭ ሆነ። ውጭ ግን የሚችለው አልነበረም። የጎማውን ጠርዝ በእጁ ዳብሶ ያውቃል። ጆሮው ደግሞ ጉድ ነው። አንድ ጊዜ ሸራ ሥር የተኛ ረዳት አቧራ አንቆት ቢያስለው፣ አበልጄ ጎኑን በዱላ ነካ አድርጎ «ውረድ አንተ! የሚያስል ኩንታል በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም!» አለ። ሹፌሩ ራሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እንዲህ አድርገን ስንሠራ፣ ዓይኑ መድከሙን ከእኔ በቀር ማንም አላወቀም። ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ።

አዳራሽ ሰበሰቡን። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከ ክራቫት ያሰረ ልጅ ግድግዳው ላይ በመብራት ሣጥን ሣጥን እያሳየ ሲያስረዳን ዋለ። «እያንዳንዱ ፖዚሽን ባዶ እንደሆነ ተቆጥሮ ይጠናል። ሠራተኛው ተወዳድሮ ይገባበታል» አለ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጇን አወጣች።

«ፖዚሽን ያልከው ምንድን ነው ልጄ?»

«መደብ ማለት ነው እናቴ። የሥራ መደብ።»

«መደብማ ቤቴ አለኝ። ጭቃ ነው፤ ራሴ ነኝ የለሰንኩት። ማንም ተወዳድሮ አይቀመጥበትም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጁም አብሮ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው መሳቅ አልነበረብኝም፤ ከዚያ አዳራሽ ውስጥ እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ብዙ አላውቅም። ቦታ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲገባ «ቦታ ስጧቸው» ይባላል፤ አንዱ ወጣት ይነሳል። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲባል ከሌለበት ቦታ ይወጣል። ሰልፍ ላይ «ቦታዬን ጠብቅልኝ፣ መጣሁ» ብለህ ትሄዳለህ፤ ስትመለስ ማንም አልገባበትም። ሰው ሲሞት ቦታው ባዶ ቀረ እንላለን። በእኛ ዘንድ ቦታ ሰው ለሰው የሚለቀው፣ ሰው ለሰው የሚጠብቀው ነገር ነው። በእነሱ ዘንድ ግን ሰው የሌለበት ሣጥን ነው። መጀመሪያ ሣጥኑን ይሥላሉ፤ ከዚያ «በሉ ተሻሙ» ብለው ቆመው ያያሉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነስቶ ቦታው ባዶ እንደነበር ይነገረዋል። እኔ ታዲያ እዚያ ምን ነበርኩ? ጥላ ነበርኩ?

ጥናቱ ባስኩላ አንድ ሰው ይበቃዋል አለ። ቁጥሩን በመብራት የሚያሳይ አዲስ መሣሪያ ይገባልና ውጭ የሚቆም ሰው አያስፈልግም አሉ። ሚዛኑን የሚያስዋሸው ጎማ እንጂ ቁጥሩ እንዳልሆነ የሚነግራቸው ሰው አልጠየቁም። ሁለታችን ለአንድ መደብ ልንወዳደር ሆነ ማለት ነው።

ፎርም ሰጡን። ሦስት መደብ ምረጡ ይላል፤ አንደኛ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ፣ ሦስተኛ ምርጫ። እኔና አበልጄ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን፣ ፈተና ላይ እንዳለ ተማሪ ወረቀታችንን በክንዳችን ሸፍነን ሞላን። እሱ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ ነው የሚጽፈው።

«ሞላህ?» አለኝ።

«ሞላሁ። አንተስ?»

«ሞላሁ። ያው ነው አይደል?»

«ያው ነዋ።»

ወረቀታችንን አጥፈን አስገባን።

የሞላሁትን ልናገር። ባስኩላ የሚለውን አንደኛም፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም አላደረግሁትም። ጭራሽ አልጻፍኩትም። ጥበቃ ብዬ ጀመርኩ፤ ተላላኪ፣ ከዚያ የመጋዘን ጉልበት ሠራተኛ ብዬ ጨረስኩ። እንዴት አድርጌ ከአበልጄ ጋር ለአንድ ወንበር እሻማለሁ? ያውም በአባቱ አውድማ ላይ! እኔ ልጄን ድሬያለሁ፤ ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ አንድ ራሴን ነኝ። ይሁንለት ብዬ ለቀቅሁለት። ዓይኑንስ? ስለ ዓይኑ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤ፣ እግዜር ያውቃል ብዬ አለፍኩት።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ፊት ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። አበልጄ ክንዴን ያዘና «አንብብልኝ» አለኝ። ባስኩላ ከሚለው ትይዩ ሰምቼው የማላውቀው ስም ተጽፏል።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም?»

«አንተም አይደለህም።»

«ማነው ታዲያ?»

«አላውቀውም። ሰው ነው።»

የእኛን ስም ወረቀቱ ሥር አገኘሁት፤ ሁለታችንም ተከታትለን ተጽፈናል። ከላያችን ያለው ርእስ «ተንሳፋፊ» ይላል። መደብ ያላገኘ ሠራተኛ ተንሳፋፊ ነው ስሙ። በውሃ ላይ እንዳለ ገለባ ማለታቸው ነው። ይህንን ስም ያወጣው ሰው እናት አለችው? አባቱን እንዲህ ብለው ቢጠሩበት ምን ይሰማው ይሆን?

አበልጄ ዞር አለና «አንተ አልሞላኸውም እንዴ?» አለኝ።

«አንተስ?»

ቀስ ብሎ «አትክልተኛ ብዬ ነው የሞላሁት» አለ።

«አትክልተኛ! በዚህ ግቢ ውስጥ ያለው አንድ ባሕር ዛፍ ነው! እሱን ልትኮተኩት ነው?»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ጥበቃ።»

«ጥበቃ? አንተ? ሌባ ቢመጣ ‹ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ› ልትለው?»

ሰዉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም። ከተዋወቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮህኩበት። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። እሱም ጮኸ፤ «አንተስ ለምን አልነገርከኝም? ሚስት የለህ፣ ቤት ገብተህ ከግድግዳ ጋር ከምታወራ ሥራው ይሁንልህ ብዬ ነው!» እንዲህ ብሎ ትቶኝ ሄደ። ሲሄድ የደረጃውን ጫፍ ሳተና ተንገዳገደ። ልደግፈው እጄን ዘረጋሁ፤ ግን ርቆ ነበር።

የሰው ኃይል ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ወጣት ነው፤ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ጨዋነቱ ራሱ አናደደኝ።

«አባባ፣ ፎርሙ ላይ ያልመረጡትን መደብ እንዴት አድርጌ ልስጥዎት?»

«ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የመረጥኩት ምንድን ነው?»

«እሱ የድሮው ነው አባባ። አሁን ሁሉም እንደ አዲስ ነው። ያልተሞላ ነገር ሲስተሙ አይቀበልም።»

«አንተስ ትቀበላለህ?»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የመረጥኳቸውስ ብዬ ብጠይቀው፣ ጥበቃውም፣ ተላላኪውም፣ የጉልበት ሥራውም ለሌላ ድርጅት ሊሰጥ ነው አለ። የአትክልተኛው መደብማ ከመጀመሪያውም በስሕተት የገባ ነበር።

ተንሳፋፊዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እየፈረምን አዳራሽ ውስጥ እንቀመጥ ጀመር። ሥራ የለም። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ፈርመን እንወጣለን። ደመወዝ ይከፈለናል። አንዳንድ ሰው «ታዲያ ምን ጎደለብህ? ተቀምጠህ መብላት ነው!» ይለኛል። እስቲ እሱ ይቀመጥ! ጤነኛ ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ ከቤቱ ወጥቶ፣ ግድግዳ ሲያይ ውሎ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ ሲመለስ እስቲ ይሞክረው። የስልክ ኦፕሬተር የነበረች ሴት አለች፤ ስልክ በሌለበት ጆሮዋን ትጠርጋለች። ሁለት መካኒኮች በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የሚገርመው፣ ቦታ የሌለን ሰዎች በሳምንቱ ቦታ ያዝን። የመስኮቱ ሥር ወንበር የስልኳ ሴት ሆነ፤ ማዕዘኑ የመካኒኮቹ። አንድ ቀን አዲስ ተንሳፋፊ መጥቶ ከእኔ ወንበር ላይ ቢቀመጥ፣ እኔ የተረገምኩት «ይኼ የእኔ ቦታ ነው» ብዬ አስነሳሁት። ባስኩላውን ሳልከራከር ለቅቄ ለአንድ የዛገ ወንበር ሰው አስነሳሁ! ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

አበልጄ በሌላኛው ጫፍ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቀመጣል። ሰላምታ አልተውንም፤ ከሰላምታ ግን አያልፍም።

ከመስኮቱ ባስኩላው ይታያል። አዲሱ ልጅ ክፍሏ ውስጥ ገብቶ መሣሪያውን አፍጥጦ ያያል። ውጭ ማንም የለም። ጎማ ከመድረኩ ወጥቶ ሲመዘን በዓይኔ አየሁ። ረዳቶች ከሸራው ሥር ብቅ እያሉ እርስ በርስ ሲሳሳቁ አየሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ዲፕሎማ አለው፤ የነገረው ሰው ግን የለም። ሄጄ ልንገረው ብዬ ብነሳ ተቆጣጣሪው «አባባ፣ ከአዳራሽ መውጣት አይፈቀድም፤ ያልመደብንዎትን ሥራ አይንኩ» አለኝ። አንዱ የድሮ ደንበኛ ሹፌር በአጥሩ በኩል አየኝና «አባት! ከመዛኝነት ወደ ተመዛኝነት?» ብሎ ጮኸብኝ። ቀልዱ ነው። ከመኪናው አውርጄ ልጥለው ተመኘሁ።

በዚያ ላይ ወሬው መጣ። አንድ ዓመት መደብ ሳያገኝ የቆየ ተንሳፋፊ ይሰናበታል ተባለ። የእኔ ጡረታ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ወሬውን እውነት ነው ብሎ የሚምል አለ፤ ውሸት ነው ብሎ የሚምልም አለ። እኔ ደግሞ ተንሳፋፊ ከሆንኩ ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ አቃቂ ገበያ ወረድኩ። የአበልጄ ሚስት እዚያ ጎመንና ቃሪያ ትሸጣለች። እግሬ ወደሷ ጉልት ወሰደኝ እንጂ ጎመን የሚያስፈልገኝ ሆኖ አይደለም። አየችኝና ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ ጀመረችኝ።

«አንቱ አበልጄ፣ አንቱም እንደሱ ነዎት! እዚህ የቃሪያ ነጋዴዎቹ ሳይቀሩ ይሥቁባችኋል። ሁለት ሰው በር ላይ ቆሞ ‹ግባ›፣ ‹የለም አንተ ግባ› ሲባባል ሌላ ሰው በመሃል ገብቶ በሩን ቆለፈ!»

«ምን ላድርግ? እንዴት ብዬ ከሱ ጋር…»

«እንዴት ብለው! አፍ አለዎት አይደል? እሱ ቤት መቅረት ነው የሚፈልገው፤ ደክሞታል። ግን ደክሞኛል ብል አቅቶት ለቀቀ ይባላል ብሎ ይፈራል። አንቱ ደግሞ ሥራውን ይፈልጋሉ፤ ነጠቀው ይባላል ብለው ይፈራሉ። ሁለታችሁንስ እንዲህ የሚላችሁ ማን ነው? የሚል ሰው እስቲ አምጡልኝ!»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዓይኑንም አውቃለሁ።»

ደነገጥኩ። «ምኑን?»

«አይደብቁኝ። ወጡን ትቶ ባዶ ሣህን ሲያጠቅስ እያየሁ? በሕክምና ቦርድ ጡረታ ይውጣ ቢባል ይወጣ ነበር። ግን ዓይኔ ፈዘዘ ብሎ ከሚናገር ይሞታል። አንቱም ስለደበቁለት በጎ ያደረጉ መስሎዎታል።»

ሳልጠይቃት ጎመኑን አሰረችልኝና ሰጠችኝ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ልጅ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ሰው አለው ይባላል፤ እንዲያው ይሁንለት። መደቡ ተከፈተ። እኔና አበልጄ ቀደም ብለን በየፊናችን ቅሬታ አስገብተን ስለነበር ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ጠራን። ሦስት ናቸው። ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው የሚናገረው።

«አባቶች፣ አንድ መደብ ተከፍቷል። ከሁለታችሁ ለአንዳችሁ ነው። ማን ይሁን? ተስማሙና ንገሩን፤ እኛም እንገላገል።»

አበልጄ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ ይሁን» አለ።

አፌ ሳላዘው «የለም፣ እሱ ይሁን» አለ።

«እኔ አረጅቻለሁ።»

«እኔስ ወጣት ነኝ?»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ሁለታችሁም ካልፈለጋችሁት ቅሬታ ለምን አስገባችሁ? መቀለጃ ነን? ፈላጊ የለም ተብሎ ይያዝና መደቡ ይታጠፋል።» ጸሐፊዋ ልትጽፍ ጎንበስ አለች። እኔ የእስክሪብቶዋን ጫፍ እያየሁ ነው። ይሉኝታ ይባላል በሽታው፤ መድኃኒት የለውም።

«ያ ዋቃዮ!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። አምላኬ ማለቷ ነው። የአበልጄ ሚስት ናት። ደረጃውን ደግፋ አምጥታው ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር ለካ።

«ማነሽ አንቺ? ስብሰባ ላይ ነን» አለ ሰብሳቢው።

«የዚህ ሚስት ነኝ፤ የዚያ አበልጅ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ብትተዉአቸው እስከ ማታ እንዲህ ይባባላሉ። እኔ ልንገራችሁ። ይኼ ባሌ አያይም።»

«ዝም በይ አንቺ ሴት!» አለ አበልጄ። ድምፁ ተሰነጠቀ።

«ብዙ ዝም ብያለሁ።»

ሰብሳቢው አንድ ወረቀት ከፍ አደረገ። ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። «አባቴ፣ ይኼ ስንት ነው?»

አበልጄ ወረቀቱን አላየም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ስንት ዓመት ሙሉ ቁጥሩን ከእኔ አፍ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ያን ቀንም ጠበቀ። ትንሽ ከንፈሬን ባንቀሳቅስ ይበቃው ነበር። ሰማዩ ተደፋብኝ። ከንፈሬን አላንቀሳቀስኩም።

«አንቱስ?» አለችኝ ሚስቱ። «ይፈልጉታል አይፈልጉትም? በሰው ፊት ይናገሩ!»

ያን ጊዜ የስምንት ወር ንዴት ወጣ። ተነስቼ ቆምኩ።

«እፈልገዋለሁ!» አልኩ። «ቦታው የእኔ ነው። የእሱም ነበር፤ ከእናንተ በፊት፣ ከመጋዘኑም በፊት የእሱ ነበር። ፎርማችሁ ላይ ያልጻፍነው ስላልፈለግነው አይደለም። ወንድም ከወንድሙ ጋር ለአንድ ወንበር ተሻሙ ስላላችሁን ነው። እኛ መሻማት አናውቅበትም፤ እናንተ ታውቁበታላችሁ። ሁለት ሽማግሌ ተከባበረ ብላችሁ ተንሳፋፊ አላችሁን! እኔ ገለባ ነኝ? እሱስ ገለባ ነው? ጻፊ ልጄ፤ ፈላጊ አለ ብለሽ ጻፊ!»

ጸሐፊዋ ጻፈች። ሰብሳቢው ሰዓቱን ማየት ትቶ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲያ ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልተናገርኩም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

መደቡን ሰጡኝ። ደብዳቤው «አዲስ ድልድል» ይላል፤ እንደ አዲስ የተቀጠርኩ ይመስል። አበልጄ ሕክምና ቦርድ ቀርቦ ጡረታውን አስከበረ። መጨረሻው ለሁለታችንም በጎ ነው የሚል ሰው አለ። እኔ እንዲያ አልልም። ያ ሰው በአባቱ አውድማ ላይ ሁለት ጊዜ ቦታ ተነፈገ፤ ሁለተኛው ጊዜ እኔም እዚያ ነበርኩ። የጥናቱን ሣጥን የሣለው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት እሱንም አንድ ቀን ባዶ ሣጥን ብለውታል። ይበሉት ብዬ ልመኝ አልችልም፤ ግን አላዝንለትም።

አበልጄ ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ፋሲካ ድረስ አላነጋገረኝም። መንገድ ላይ በኮቴዬ ያውቀኛል፤ እንዳላወቀኝ ያልፋል። እኔ ባስኩላው ላይ ብቻዬን ውስጥም ውጭም እየሮጥኩ እሠራለሁ፤ ጎማውን ፈትሼ ስመለስ መሣሪያው ጠፍቶ ይጠብቀኛል። የፈለግሁትን ቦታ አገኘሁና እዚያው ላይ ተቃጠልኩ።

የፋሲካ ማግሥት ሚስቱ ቤቴ መጣች። «ይነሱ» አለችኝ። «የት?» ብላት «ጥያቄ አልወድም» አለች። ነጠላዬን እንኳ አስተካክዬ ሳልለብስ ቤታቸው ይዛኝ ገባች። አበልጄ ተቀምጧል። ጎን ለጎን አስቀመጠችንና ወደ ጓዳ ገባች።

«ሚዛኑ ደህና ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ደህና ነው።»

«ውጭ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው ይሰርቁሃል» አለኝ።

የዕርቃችን ቃል ይኼው ነበር። ሌላ ሽማግሌ አልገባበትም። እኔም ሁለቱን ዓመት ጨርሼ ጡረታ ወጣሁ። ያኔ ተቃጥዬ እንዳልቀር፣ አበልጄንም እንዳላጣው ያደረገኝ ኮሚቴም ቅሬታም አይደለም። አቃቂ ገበያ ጎመንና ቃሪያ የምትሸጠው፣ የልጄ የክርስትና እናት፣ የአበልጄ ሚስት ናት።